የድምፅ ማደሪያ፤ የቤት ሙዚቃ መሣሪያ ማስቀመጫዎች አጭር ታሪክ

የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ ማደሪያ አለው። ክራር ከግድግዳ ይሰቀላል፤ በገና ከጥግ ይደገፋል፤ ከበሮ ከምሰሶ ይንጠለጠላል። ባለሙያ የሆነ ሰው መሣሪያውን ባገኘበት ቦታ አይጥልም። የክራሩ ድምፅ የሚወለደው ከጅማቱ ብቻ ሳይሆን ከገበቴውና ከቆዳው ጭምር መሆኑን ያውቃልና። ቆዳው እርጥበት ካገኘው ወይም እንጨቱ ከተሰነጠቀ፣ የቱንም ያህል የሠለጠነ ጣት ቢዳስሰው ዜማው ዜማ አይሆንም።

ድምፅን በማሽን ቀርጾ መልሶ ማሰማት ከተቻለበት ጊዜ ወዲህ ግን ይህ ዕውቀት ከብዙ ቤቶች ርቋል። ሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየርና ስፒከር የሚገዛ ሰው ስለ እያንዳንዱ መሣሪያ ጉልበትና ጥራት አጥብቆ ይጠይቃል፤ መሣሪያዎቹ የሚያርፉበትን ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ ግን የሚያስበው ዕቃው ከቤት ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜም የሚያማክረው ዓይኑን እንጂ ጆሮውን አይደለም። የማስቀመጫዎችን ታሪክ መለስ ብሎ ለተመለከተ እውነቱ ሌላ ነው። ማስቀመጫው የመሣሪያው አንድ አካል ነው፤ ይህ በተዘነጋ ቁጥርም ዕዳውን የከፈለው ድምፁ፣ ከድምፁም ጋር ሸክላው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መለከቱ ሣጥን ውስጥ ሲገባ

ቶማስ ኤዲሰን ፎኖግራፍን በ1877፣ ኤሚል በርሊነር ደግሞ በጠፍጣፋ ዲስክ የሚሠራውን ግራሞፎን በ1887 ፈለሰፉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት መሣሪያው ገና ከወርክሾፕ የወጣ ይመስል ነበር። የሞላው ማጠንጠኛ እጀታ በጎን፣ ትልቁ መለከት ከላይ ተገትሮ ይታያል። መለከቱ ቦታ ይይዛል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ ለአላፊ አግዳሚው ክርን የተጋለጠ ነው። ባለጸጋው ቤተሰብ በሙዚቃው ቢደሰትም፣ መሣሪያውን በእንግዳ መቀበያ ክፍሉ ውስጥ ከተዋቡት ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ጎን በኩራት ለማኖር ይቸገር ነበር።

በ1901 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት በካምደን ከተማ፣ ኤልድሪጅ ጆንሰን ያቋቋመው የቪክተር ኩባንያ ይህን ችግር በ1906 በአናጢ ጥበብ ፈታው። ቪክትሮላ የተባለው አዲሱ ማጫወቻ መለከቱን ወደ ታች አጥፎ በማሆጋኒ ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀው። የሣጥኑ ቁመት ከአንድ ሜትር በላይ ነው። ከላይ ማጫወቻውን የሚሸፍን ክዳን፣ ከመካከል ድምፁ የሚወጣባቸው ሁለት ተካፋች በሮች፣ ከታች የሸክላ ማኖሪያ አለው። ድምፁን ከፍ ማድረግ የፈለገ በሮቹን ይከፍታል፤ ዝቅ ማድረግ የፈለገ ይዘጋል። ዋጋው 200 ዶላር ሲሆን፣ ይህም በዘመኑ ከፍ ያለ ገንዘብ ነበር። ቢሆንም ገበያው ደራ። ገዢው የከፈለው ለዜማው ብቻ አልነበረምና፤ ለቤቱ ክብር የሚሆን ዕቃ ጭምር ነበር የገዛው። ቀጥሎም የቀድሞ ነገሥታትን ዘመን የቤት ዕቃ አሠራር የተከተሉ፣ በቅርጻ ቅርጽ ያጌጡ ሣጥኖች በየዓይነታቸው ወጡ።

ያን ያህል ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ ኩባንያው በ1911 ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማጫወቻ በ15 ዶላር አቀረበ። ይህ ማጫወቻ የራሱ ቁም ሣጥን ስላልነበረው፣ ሌሎች የቤት ዕቃ ፋብሪካዎች በልኩ የሚሆን ማስቀመጫ፣ ከሥሩም የሸክላ መደርደሪያ ያለው፣ እየሠሩ ይሸጡ ጀመር። በዚህ ዓይነት ገዢው መሣሪያውን ከአንድ ሱቅ፣ ማስቀመጫውን ከሌላ ሱቅ እየመረጠ ማጣመር ያዘ። ዛሬ የድምፅ መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ እንግዲህ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ይበልጣል።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቪክትሮላ ለዓይን ያደረገውን ያህል ለጆሮ አላደረገም። በሣጥን ውስጥ የታጠፈው መለከት ከቀድሞው ትልቅ መለከት የተሻለ ድምፅ አልሰጠም። ጆሮ ድርሻውን ያገኘው በ1925 ነው። በዚያ ዓመት በኤሌክትሪክ የተቀረጹ ሸክላዎች ሲወጡ፣ ኩባንያው ኦርቶፎኒክ የተባለውን ማጫወቻ አብሮ አወጣ። የዚህ መሣሪያ መለከት ስፋቱና እጥፋቱ በሒሳብ ተሰልቶ የሣጥኑን ሆድ እንዲሞላ የተሠራ ነበር። ሣጥኑ ከዚህ ወዲያ መደበቂያ መሆኑ ቀርቶ ድምፅ አውጪው አካል ሆነ። ዓይንና ጆሮ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ታረቁ።

አንዱ ሣጥንና ሁለቱ ድምፆች

በ1920ዎቹ ሬዲዮ ወደየቤቱ ሲገባ የቪክትሮላን መንገድ ተከተለ። መጀመሪያ ሽቦውና አምፖሉ የሚታይ የቴክኒሻን ዕቃ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እግር ያለው፣ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ ቁም ሣጥን ሆነ። ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ በአንድ ሣጥን ተጣምረው «ሬዲዮግራም» ተባሉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በአውሮፓና በአሜሪካ ረጅምና ዝቅ ያሉ የሙዚቃ ሣጥኖች የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይይዙ ጀመር።

ነገር ግን የሣጥኑ ዘመን ማብቂያው በራሱ በሸክላው ውስጥ እየተዘጋጀ ነበር። በ1948 የኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ አወጣ። ቦዩ ከቀድሞው እጅግ የቀጠነ በመሆኑ መርፌውም ለትንሽ ንዝረት ሁሉ ስሱ ሆነ። በ1958 ደግሞ የስቴሪዮ ሸክላ ለገበያ ቀረበ። ስቴሪዮ ሁለት ስፒከሮች ተራርቀው እንዲቆሙ ይጠይቃል፤ አድማጩ በፊቱ ያለውን የሙዚቃ ጓድ በስተቀኝና በስተግራ ለይቶ የሚሰማው ሁለቱ ድምፆች ከተለያየ ስፍራ ሲመጡለት ነውና። በአንድ ሣጥን ሁለት ጫፍ ላይ የተተከሉ ስፒከሮች ግን ቅርርባቸው ይህን አይፈቅድም። ከዚያም የባሰው፣ ስፒከሩና መርፌው በአንድ እንጨት ላይ መኖራቸው ነው።

ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ልዩ ልዩ መንገዶች ተሞክረዋል። ፖል ክሊፕሽ በአሜሪካ፣ በአርካንሶ ግዛት፣ ከ1946 ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው ስፒከር ከክፍሉ ጥግ ተጠግቶ እንዲቆም የታሰበ ነው፤ የቤቱ ሁለት ግድግዳዎች ራሳቸው የመለከቱ ቅጥያ ይሆናሉ። ጄ.ቢ.ኤል. የተባለው ኩባንያ በ1957 ያወጣው ፓራጎን ደግሞ ስፋቱ ከ2 ሜትር ተኩል የሚበልጥ አንድ ግዙፍ ሣጥን ሲሆን፣ በፊት ለፊቱ በተለጠጠው ጎባጣ እንጨት የሁለቱን ስፒከሮች ድምፅ እየበተነ በክፍሉ ያዳርሳል። ሁለቱም ድንቅ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም አንዱ ባዶ ጥግ፣ ሌላው ሰፊ አዳራሽ ይሻል፤ ተራው ቤተሰብ ሁለቱም አልነበሩትም።

ለተራው ቤተሰብ የሚስማማው መንገድ ከወደ ጀርመን መጣ። በ1956 ዲተር ራምስና ሃንስ ጉገሎት ለብራውን ኩባንያ የነደፉት ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ነጭ የብረት ገላ፣ የእንጨት ጎኖችና ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ክዳን ነበረው። በታወቀው የጀርመኖች ተረት ውስጥ በመስተዋት ሬሳ ሣጥን የተጋደመችውን ልዕልት በማሰብ፣ ሰዎች በቀልድ የእርሷን ሬሳ ሣጥን ስም አወጡለት። ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ሐሳቡ ጥልቅ ነበር፦ ማሽን ማሽን መሆኑን መደበቅ አይገባውም። ራምስ በ1960 የነደፈው፣ በግድግዳ ላይ ከተተከለ ቀጭን ብረት እየተንጠለጠለ እንደ ፍላጎት የሚጨመርና የሚቀነስ መደርደሪያ የዚሁ ሐሳብ ተከታይ ነው። መጻሕፍትም ሸክላም አምፕሊፋየርም በአንድ ግድግዳ ላይ እኩል ቦታ አገኙ። ሣጥኑ ፈረሰ፤ መደርደሪያው ነገሠ።

የንዝረት ነገር

ሣጥኑ ፈርሶ መሣሪያዎቹ ለየብቻቸው ሲቆሙ፣ ሣጥኑ ሸፍኖት የነበረው ችግር ወደ አደባባይ ወጣ። የረጅም ሸክላ ቦይ ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር ሃያኛ እጅ ገደማ ነው፤ ይኸውም ከሰው ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። መርፌው የሚያነበው በዚህ ቦይ ግድግዳ ላይ ያለውን፣ ከዚያም በብዙ የሚያንሰውን ጠመዝማዛ ነው። መርፌው ግን ከሸክላው የመጣውን እንቅስቃሴ ከወለሉ ከመጣው ለይቶ አያውቅም። ሰው በክፍሉ ሲራመድ፣ በር ሲዘጋ፣ ስፒከሩ ራሱ ሲያጎራ፣ ንዝረቱ በጠረጴዛው እግር ወጥቶ መርፌው ዘንድ ይደርሳል። ያ ንዝረት በአምፕሊፋየሩ ጎልብቶ በስፒከሩ ይወጣል፤ ከስፒከሩም ተመልሶ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። ዙሩ ሲደጋገም በመጀመሪያ ወፍራሙ ድምፅ ይደፈርሳል፤ ሲብስም መሣሪያው ያለማቋረጥ ያጓራል።

መፍትሔውን ከመሣሪያው በኩል ከፈለጉት አንዱ አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር ነው። ቪልቹር ከሄንሪ ክሎስ ጋር በ1954 በማሳቹሴትስ ግዛት ያቋቋመው አኮስቲክ ሪሰርች የተባለ ድርጅት ሁለት ነገሮችን ለዓለም አበረከተ። የመጀመሪያው፣ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለውን አየር እንደ ሞላ በመጠቀም ከትንሽ ስፒከር ወፍራም ድምፅ ማውጣት ነው። ሁለተኛው፣ በ1961 የወጣው ሸክላ ማጫወቻ ሲሆን፣ በእርሱ ላይ ሸክላው የሚዞርበት ሰሐንና መርፌውን የያዘው ክንድ በአንድነት በሦስት ሞላዎች ላይ ያርፋሉ። ንዝረቱ ከጠረጴዛው ቢመጣም ሞላዎቹ ያበርዱታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በስኮትላንድ፣ በግላስጎው የተሠራው የሊን ኩባንያ ማጫወቻም ሞላዎቹን ጠብቆ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል።

ሞላ ግን ሁሉን አይችልም። ብሪታኒያውያን ሙዚቃ ወዳዶች ብዙዎቹ የሚኖሩት ወለላቸው በጣውላ ተረብርቦ ከሥሩ ባዶ በሆነ አሮጌ ቤት ውስጥ ነበር። በእንዲህ ያለው ወለል ላይ የሰው እርምጃ ብቻ መርፌውን ያዘልለዋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ማጫወቻውን ከወለሉ አንሥተው በግድግዳ ላይ በተተከለ የብረት መደርደሪያ ላይ አኖሩት፤ ሌሎቹ ቀላልና ጽኑ የሆነ፣ ለማጫወቻው ብቻ የተለየ ትንሽ ጠረጴዛ አሠሩ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት እስከ ዛሬ አልተሻረም። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ግድግዳው ይሻላል፤ ወለሉ ሊሾ ወይም ድንጋይ ከሆነ ግን በቀጥታ ወለሉ ላይ የቆመ ጽኑ ማስቀመጫ ይበቃል። በየትኛውም ቤት ቢሆን ማጫወቻውና ስፒከሩ በአንድ ሳንቃ ላይ ሊያድሩ አይገባም።

ስፒከሩም የራሱን ማቆሚያ ያገኘው በዚሁ ዘመን ነው። የእንግሊዙ የሬዲዮ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለተንቀሳቃሽ የማሰራጫ መኪናዎቹ የነደፈው ትንሽ ስፒከር ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህንን የመሰለ ስፒከር ወለል ላይ ቢያስቀምጡት ወፍራሙ ድምፅ ያለቅጥ ያብጣል፤ ቀጭኑ ድምፅም ከአድማጩ ጉልበት በታች ያልፋል። በመጻሕፍት መካከል ቢሸጉጡት ደግሞ ሳንቃው አብሮ ይዘምራል። ስለዚህ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ትይዩ እንዲሆን፣ ማለትም ከወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል፣ ቁመታቸው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የብረት ማቆሚያዎች ተሠሩ። የማቆሚያው ባዶ ቱቦ በአሸዋ ሲሞላ ብረቱ እንደ ደወል መደወሉን ይተዋል። የእግሩ ሹል ጫፍም ምንጣፉን በስቶ ከጽኑው ወለል ጋር ያገናኘዋል። አሸዋና ሹል ብረት ወጪያቸው ጥቂት፣ ጥቅማቸው ግን ብዙ ነው።

ባለመስተዋቱ መደርደሪያ

በዚህ መካከል ከጃፓን ሌላ ዓይነት ማስቀመጫ መጣ። ምንጩ ሳሎን ሳይሆን የስልክ ጣቢያ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች መሣሪያዎቻቸውን በአንድ ልክ የሚሠኩበት የብረት መደርደሪያ አበጁ። የፊት ገጹ ስፋት 19 ኢንች፣ ይኸውም 48 ሴንቲ ሜትር ከሩብ ያህል ነበር። የሬዲዮ ጣቢያዎችና የቀረጻ ስቱዲዮዎችም ይህንኑ ልክ ወረሱ። በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች አምፕሊፋየሩን፣ ሬዲዮውንና የካሴት ቴፑን የስቱዲዮ መልክ ሰጥተው፣ በግራና በቀኝ እጀታ እየተከሉ አወጡ። ገዢው ከነጠላ ዕቃው ይልቅ ሙሉውን መደርደሪያ መፈለግ ጀመረ።

የ1970ዎቹ ማብቂያና የ1980ዎቹ ባለመስተዋት መደርደሪያ የተወለደው እንዲህ ነው። ከላይ ማጫወቻው፣ ከሥሩ ሬዲዮው፣ ከዚያ አምፕሊፋየሩና ቴፑ፣ ከታች ሸክላዎቹ፤ ከፊት የመስተዋት በር፣ ከሥር ተንከባላይ ጎማ። ሲመሽ መብራቶቹ በመስተዋቱ ውስጥ ሲያበሩ ዕይታው ያማረ ነበር። ጆሮ ግን ተበደለ። መደርደሪያው የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከቀጭን ችፑድ ሲሆን፣ ጎማው ላይ የሚወዛወዝ ነበር። የመስተዋቱ በርም የአምፕሊፋየሩን ሙቀት አምቆ ይይዛል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። አንዳንዱ ሻጭ የመሣሪያውን ርካሽነት በመደርደሪያው ግርማ ይሸፍን ነበር። ብዙ ቤተሰብ ለድምፅ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለችፑድና ለመስተዋት ከፈለ። ቪክትሮላ መለከቱን በሣጥን እንደ ደበቀ፣ ይህኛው ድህነቱን በብልጭታ ደበቀ።

በኢትዮጵያ ሳሎን

የተቀረጸ ድምፅ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ገና በማለዳው ነው። በ1898 ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ልከዋል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴም በሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት ወደ ጀርመን ተልከው በዚያው ዜማቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ሸክላ ማጫወቻ ግን ለረጅም ጊዜ የጥቂቶች ቤት ዕቃ ሆኖ ቆየ።

በከተማው ሳሎን ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ሲበራከቱ፣ ማረፊያቸው ቡፌ ወይም ኮመዲኖ ሆነ። በላያቸውም የእመቤቲቱ እጅ ሥራ የሆነ ዳንቴል ይደረብላቸው ነበር። ዳንቴሉ የንቀት ሳይሆን የአክብሮት ምልክት ነው፤ መሣሪያው እንደ ክቡር እንግዳ በሳሎኑ የበላይ ቦታ ተቀምጧል ማለት ነው። ከአቧራም ይጠብቀዋል። ይሁንና በሚሠራ ሬዲዮ ወይም አምፕሊፋየር ላይ የቀረ ዳንቴል ሙቀት መውጫውን ይደፍናል። በአንድ ቡፌ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ማጫወቻና ስፒከርም እርስ በርስ ይነዛነዛሉ። ከበድ ያለ፣ ከዋንዛ ወይም ከጽድ የተሠራ የአገር ቤት ቡፌ ግን በክብደቱና በጽናቱ ከብዙ ባለመስተዋት መደርደሪያ ይልቃል። ስፒከሮቹን ወደ ሌላ ማቆሚያ ማውረድና ዳንቴሉን በማጫወቻ ሰዓት ማንሣት ብቻ ነው የጎደለው።

ነገሩ ከምቾት በላይ የሚሆነው ወደ ሸክላዎቹ ሲመጣ ነው። ዐምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋሙት ዐምሃ ሬኮርድስ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዓለማየሁ እሸቴንና ሙላቱ አስታጥቄን ጨምሮ የብዙ አርቲስቶችን ሥራ በሸክላ አሳትሟል። ካይፋ ሬኮርድስና ሌሎችም በዚሁ መስክ ተሰልፈዋል። ከዚያ በኋላ ካሴት ቦታውን ወሰደ፤ ሸክላዎቹም በየቤቱ ቀሩ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ በፈረንሳይ የታተመው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ የዚያን ዘመን ሙዚቃ እንደገና ለዓለም አሰምቷል። ነገር ግን የመጀመሪያው የቀረጻ ክር ሲጠፋ የሥራው ብቸኛ ምስክር ሸክላው ራሱ ይሆናል። ሸክላውም የሚኖረው ወይም የሚሞተው በመደርደሪያው ነው።

ሸክላ ተጋድሞ ሲደራረብ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ያጎብጣል፤ አቧራውም በመካከል እየተፈጨ ቦዩን ይፍቃል። ወደ አንድ ወገን ጋደል ብሎ ከቆመም ይጣመማል። ከመስኮት ፀሐይ ወይም ከአምፕሊፋየር ሙቀት አጠገብ ያደረ ሸክላ እንደ ሰም ይለግማል። ስለዚህ ሸክላ ቀጥ ብሎ፣ ሳይጨናነቅና ሳይላላ፣ በጥላ ይቆም ዘንድ ይገባዋል። የረጅም ሸክላ ሽፋን በየጎኑ 31 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ስለሆነ የመደርደሪያው ክፍተት ከ33 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። አንድ ሜትር ሙሉ የተደረደረ ሸክላ 50 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል። ይህን ሸክም ረጅም የችፑድ ሳንቃ አይችለውም፤ በየ35 ወይም በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ቋሚ ደጋፊ ያሻዋል።

ምርጫው

ሲዲ በ1982 ለገበያ ሲቀርብ ብዙዎች የማስቀመጫ ጉዳይ ያከተመለት መስሏቸው ነበር። ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። በ2014 የስዊድኑ የቤት ዕቃ ኩባንያ አይኪያ «ኤክስፔዲት» የተባለውን ባለአራት ማዕዘን ክፍልፋይ መደርደሪያ ሲያቋርጥ፣ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ያሉ ሸክላ ሰብሳቢዎች ተቃውሞ አሰሙ። ክፍልፋዮቹ ለረጅም ሸክላ ልክ ነበሩና። በምትኩ የመጣው መደርደሪያ የውስጥ ልኩን ጠብቆ ሲያገኙት ጸጥ አሉ። በ2022ም በአሜሪካ ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሲዲ ይልቅ ብዙ ሸክላ ተሸጠ። ሸክላው ሲመለስ የመደርደሪያው ጥያቄም አብሮ ተመለሰ።

እንግዲህ ከዚህ ረጅም ታሪክ ለመራጩ የሚተርፈው ነገር አጭር ነው። መሣሪያን በሣጥን መደበቅም ሆነ በመስተዋት ማሳየት የዓይን ጉዳይ ነው፤ ዓይንም ድርሻውን ይውሰድ። ነገር ግን ማስቀመጫ የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት እጁን ከሳንቃው ላይ አሳርፎ ወደ ጎን ይግፋው፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ይተወው። ለአምፕሊፋየሩ መተንፈሻ፣ ለማጫወቻው የብቻው ጽኑ መቆሚያ፣ ለስፒከሩ ከጆሮ ትይዩ የሆነ ቁመት፣ ለሸክላው ቀጥ ያለና ጥላ ያለው ክፍል ይፈልግ። የውጭ አገር ስም የተለጠፈበት ዕቃም ግዴታ አይደለም። ወፍራም ጣውላ፣ በሚገባ የተጋጠመ ማዕዘንና እኩል የቆሙ አራት እግሮች ከሰፈር አናጢ እጅ ይወጣሉ፤ አናጢው ግን ልኩን ሊነገረው ያስፈልጋል። ክራር ሠሪው ገበቴውን መርጦ ሲፈልጥ ድምፁን እያሰበ እንደ ሆነ ሁሉ፣ መደርደሪያ የሚያሠራም ሰው የሚያሠራው የድምፅን ማደሪያ መሆኑን አይዘንጋ።